አንድ ፒቸር፣ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ዜሮ ነጥብ፦ ስለ ኮምፕሊት ጌም ሻትአውት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቤዝቦል ውጤት ስታዩ አንዳንዴ "1 ለ 0" ወይም "2 ለ 0" የሚል ታገኛላችሁ። ለአዲስ ተመልካች ደረቅ ይመስላል። ነጥብ በሌለበት ምኑ ነው የሚደነቀው? እኔ ግን ከሆም ራን (ኳሷን ከሜዳ አሻግሮ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) ጋጋታ ይልቅ እንዲህ ያለውን ጨዋታ እመርጣለሁ፤ በተለይ አንድ ፒቸር፣ ማለትም ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች፣ ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ መጨረሻው ራሱ የተወጣው ከሆነ። ስለዚህ ጉዳይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ኮምፕሊት ጌም ሻትአውት ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች በአንድ ጨዋታ ሲገጣጠሙ ነው። አንደኛው፣ ጨዋታውን የጀመረው ፒቸር ሳይቀየር እስከ መጨረሻው ይወረውራል። ይህ ኮምፕሊት ጌም ነው። ሁለተኛው፣ ተጋጣሚው አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያስቆጥር ይወጣል። ይህ ሻትአውት ነው።

መደበኛ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር፣ አለው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሦስት አውት ያስፈልጋል፤ አውት ማለት አንድ አጥቂ ከተራው መውጣቱ ነው። ስለዚህ ፒቸሩ በጠቅላላው 27 አውት ማግኘት አለበት። በእግር ኳስ ግብ ሳይቆጠርበት የወጣ በረኛ ብላችሁ ብታስቡት ብዙም አትርቁም። ልዩነቱ፣ ይህኛው በረኛ እያንዳንዱን ጥቃት የሚያስጀምረው ራሱ መሆኑ ነው። ኳሷ ከእጁ ካልወጣች ምንም ነገር አይጀመርም።

ኮምፕሊት ጌም ሁሉ ሻትአውት ነው?

አይደለም። በ2025 የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ዮሺኖቡ ያማሞቶ በጥሎ ማለፉ ጨዋታዎች በተከታታይ ሁለት ኮምፕሊት ጌም ወረወረ። አንዱ በሚልዋኪ ብሩወርስ ላይ፣ ሌላው በዎርልድ ሲሪየስ፣ በዋንጫው ፍልሚያ፣ በቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ላይ። ሁለቱም 5 ለ 1 አለቁ። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ያቺ "1" ስላለች ሻትአውት አይባልም። የሚልዋኪዋ ነጥብ ደግሞ የመጣችው በጨዋታው የመጀመሪያ ውርወራ ላይ በተመታ ሆም ራን ነው። አንዲት ውርወራ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

በተቃራኒው ደግሞ ሦስት አራት ፒቸሮች ተቀባብለው ተጋጣሚን ዜሮ ሊያስቀሩ ይችላሉ። ያኔ ሻትአውቱ የቡድኑ ነው። በማንም ፒቸር ስም አይመዘገብም።

ከኖ-ሂተር እና ከፐርፌክት ጌም በምን ይለያል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። በሻትአውት ተጋጣሚው ኳሷን ሊመታ፣ ቤዝ (ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር ከሚዞራቸው ማረፊያዎች አንዱ) ላይ ሊቆም ይችላል። ዞሮ ወደ ሆም፣ ወደ መነሻው፣ ብቻ አይመለስ እንጂ። በኖ-ሂተር አንድም ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) የለም፤ ግን በዎክ (ፒቸሩ አራት ጊዜ ከዒላማ ውጭ ወርውሮ መቺው በነፃ ሲያልፍ) ወይም በተከላካይ ስህተት ቤዝ ላይ የሚደርስ ሰው ሊኖር ይችላል። በፐርፌክት ጌም ማንም፣ በምንም መንገድ፣ ቤዝ ላይ አይደርስም። 27 መቺ መጣ፣ 27 ሰው ተመለሰ።

ኖ-ሂተር ሁሉ ሻትአውት አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ አሳዛኝ ጨዋታ አለ። ኤፕሪል 23 ቀን 1964 የሂውስተኑ ኬን ጆንሰን በሲንሲናቲ ሬድስ ላይ ዘጠኝ ኢኒንግ ሙሉ አንድም ሂት ሳይመታበት ወረወረ። ተሸነፈ፣ 1 ለ 0። በዘጠነኛው ኢኒንግ ፒት ሮዝ ኳሷን በዱላው ነካ አድርጎ መሬት ላይ ጣላት፤ ጆንሰን ራሱ አንስቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲወረውር ሳተ። ከዚያ ሌላ የተከላካይ ስህተት ተጨመረና ሮዝ ሆም ገባ።

የፐርፌክት ጌም ትልቁ ምሳሌ የዶን ላርሰን ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 1956፣ በዎርልድ ሲሪየስ አምስተኛ ጨዋታ፣ ኒው ዮርክ ያንኪስ ብሩክሊን ዶጀርስን 2 ለ 0 አሸነፉ። ላርሰን የፈጀው 97 ውርወራ ብቻ ነው። በዎርልድ ሲሪየስ ታሪክ ሌላ ፐርፌክት ጌም የለም።

ነጥቡ በተከላካይ ስህተት የገባ ከሆነስ? የፒቸሩ ጥፋት አይደለም እኮ!

ያሳዝናል፤ ግን ሻትአውቱ ፈርሷል። ስህተት ያመጣው ነጥብ በፒቸሩ አማካይ ስሌት ውስጥ አይገባም። ሻትአውት ግን የሚያየው ሰሌዳውን ነው። ሰሌዳው ላይ 1 ካለ አለ።

ከ2020 ወዲህ ነገሩ ትንሽ ከፍቷል። በሜጀር ሊግ፣ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ መደበኛ ውድድር ጨዋታው በዘጠኝ ኢኒንግ ካልተለየ፣ ከአሥረኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ማጥቃት ሲጀምር አንድ ሯጭ በነፃ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ይቆምለታል። ፒቸሩ ያላሳለፈው ሰው ነው። እሱ ሆም ከገባም ሻትአውቱ አለቀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህ ሕግ ቀልድ ነው። ጨዋታ ለማሳጠር ግን ይሠራል፤ ሊካድ አይችልም።

ዘጠኝ ኢኒንግ ሳይሞላ ኮምፕሊት ጌም ሊመዘገብ ይችላል?

ይችላል። ዝናብ ጨዋታውን አምስት ኢኒንግ ካለፈ በኋላ ቢያቋርጠው ውጤቱ ሊጸድቅ ይችላል። ብቻውን የወረወረው ፒቸርም ኮምፕሊት ጌም ይመዘገብለታል። በ2020 እና በ2021 ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሲኖር እያንዳንዱ ሰባት ኢኒንግ ብቻ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 2021 የአሪዞናው ማዲሰን ባምጋርነር በአትላንታ ብሬቭስ ላይ ሰባቱንም ኢኒንግ ሂት ሳይፈቅድ ጨረሰ። ኮምፕሊት ጌም ሻትአውቱ ተጻፈለት። ኖ-ሂተሩ ግን አልተጻፈለትም፣ ለዚያ ዘጠኝ ኢኒንግ ግዴታ ነውና።

ጨዋታውን ያልጀመረ ፒቸር ሻትአውት ሊያገኝ ይችላል?

ሕጉ አንዲት ቀዳዳ አላት። በመጀመሪያው ኢኒንግ ገና አንድም አውት ሳይገኝ፣ ነጥብም ሳይቆጠር የገባ ፒቸር የቀረውን ሁሉ ያለ ነጥብ ከጨረሰ ሻትአውቱ የእሱ ይሆናል።

ይህን ሲያነሱ ሁሌም አብሮ የሚነሳው የጁን 23 ቀን 1917ቱ የቦስተን ጨዋታ ነው። ለሬድ ሶክስ የጀመረው ቤብ ሩት ነበር፤ ያኔ ፒቸር ነው። የመጀመሪያውን መቺ በዎክ አሳለፈ። በዳኛው ውሳኔ ተናደደ፣ ተሟገተ፣ በመጨረሻም ዳኛውን መታውና ተባረረ። ኧርኒ ሾር ሳያስበው ተጠርቶ ገባ። ቤዝ ላይ የነበረው ሯጭ ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ሁለተኛ ቤዝ ሊሰርቅ ሲሞክር ተያዘ። ሾር ከዚያ በኋላ የመጡትን 26 መቺዎች አንድ ሳያስተርፍ መለሰ።

አንድ ጨዋታ ብቻ ልይ ብል የትኛውን ትመርጣለህ?

ሳላመነታ የ1991ን ዎርልድ ሲሪየስ ሰባተኛ ጨዋታ። ኦክቶበር 27፣ ሚኒያፖሊስ፣ ጣሪያ ያለው ሜትሮዶም። ሚኒሶታ ትዊንስ ከአትላንታ ብሬቭስ። ሁለቱም ቡድኖች ባለፈው ዓመት በየምድባቸው መጨረሻ የወጡ ነበሩ። አሁን 3 ለ 3 ሆነው ዋንጫው በአንድ ጨዋታ ላይ ተንጠልጥሏል።

ለትዊንስ የሚወረውረው ጃክ ሞሪስ ነው። 36 ዓመቱ ነው፣ እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሴንት ፖል የተወለደ። ለብሬቭስ ወጣቱ ጆን ስሞልትዝ። ሰባት ኢኒንግ አለፈ፣ 0 ለ 0።

ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ጉድ መጣ። የአትላንታው ሎኒ ስሚዝ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆሟል። ቴሪ ፔንድልተን ኳሷን ወደ ግራ መሃል አርቆ መታት። ስሚዝ እየሮጠ ሆም መግባት ነበረበት። የትዊንሱ ቻክ ኖብላክ ግን ኳሷ በእጁ ያለች ይመስል የመወርወር ትወና ሠራ። ስሚዝ ሁለተኛ ቤዝ አካባቢ ቆም አለ፣ ኳሷን ፈለጋት። ሲነቃ ከሦስተኛ ቤዝ ማለፍ አልቻለም።

አሁንም ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው አለ፣ አውት ደግሞ የለም። ብዙ ፒቸር እዚህ ላይ ያልቅለታል። ሞሪስ ሮን ጋንትን ደካማ ኳስ አስመትቶ አስወጣው። ዴቪድ ጀስቲስን ሆን ብሎ በነፃ አሳለፈውና ቤዞቹ ሦስቱም ሞሉ። ቀጥሎ ሲድ ብሪም መሬት ለመሬት ወደ አንደኛ ቤዝ መታ። አንደኛ ቤዝ ጠባቂው ኬንት ህርቤክ ለካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ ለሚቀበለው)፣ ካቸሩ መልሶ ለህርቤክ። በአንድ ምት ሁለት አውት። ዜሮ።

ዘጠኝ ኢኒንግ አለቀ፤ አሁንም 0 ለ 0። ማኔጀሩ ቶም ኬሊ ሊቀይረው ፈልጎ ነበር። ሞሪስ እምቢ አለ። ኬሊም ተወው፣ እሱም አሥረኛውን ዘጋ። በዚያው ኢኒንግ የመምታት ተራው ለትዊንስ ሲደርስ ዳን ግላደን ዱላው እየተሰበረ ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ። ኖብላክ ራሱ አውት በሆነበት የመስዋዕትነት ምት ወደ ሦስተኛ አሻገረው። ብሬቭስ ሁለት መቺዎችን ሆን ብለው በነፃ አሳልፈው ቤዞቹን ሞሉ። ጂን ላርኪን ተጠግተው በቆሙት የውጭ ተከላካዮች አናት ላይ አሳለፋት። ግላደን ገባ። 1 ለ 0። አንድ ሰው፣ አሥር ኢኒንግ፣ ዋንጫ።

ከዚያ የረዘመስ አለ?

አለ እንጂ! ጁላይ 2 ቀን 1963፣ ሳን ፍራንሲስኮ። የጃየንትሱ ሁዋን ማሪሻል 25 ዓመቱ፣ የሚልዋኪ ብሬቭሱ ዋረን ስፓን 42 ዓመቱ። ሁለቱም አልቀየር አሉ። ጨዋታው 16 ኢኒንግ ፈጀ። ማሪሻል 227 ውርወራ፣ ስፓን 201። በ16ኛው ዊሊ ሜይስ ሆም ራን መታና 1 ለ 0 አለቀ። ስፓን ያን ሁሉ ወርውሮ የሄደው ሽንፈት ይዞ ነው። ዛሬ አንድ ማኔጀር ፒቸሩን 227 ውርወራ ቢያስወረውር በማግስቱ ሥራ የሚኖረው አይመስለኝም።

ሪከርዱ የማን ነው?

የዋልተር ጆንሰን። ከ1907 እስከ 1927 ለዋሽንግተን ሲወረውር 110 ሻትአውት አለው። ከኋላው ግሮቨር ክሊቭላንድ አሌክሳንደር በ90፣ ክሪስቲ ማቲውሰን በ79 ይከተላሉ። በአንድ የውድድር ዓመት ደግሞ አሌክሳንደር በ1916፣ ጆርጅ ብራድሊ በ1876 እያንዳንዳቸው 16 አላቸው።

የጆንሰን 110 ይሰበራል ብላችሁ አትጠብቁ። ክሌይተን ከርሾ በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ ፒቸሮች አንዱ ነው፤ በ2025 ጫማውን ሲሰቅል 15 ነበረው።

ጆንሰን ገና በ20 ዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 1908፣ በኒው ዮርክ ላይ በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ሻትአውት ወርውሯል። በ4፣ በ5 እና በ7። በ6ኛው ቀንስ? እሑድ ነበር፣ ያኔ በኒው ዮርክ በእሑድ አይጫወቱም። ማቲውሰን በበኩሉ በ1905 ዎርልድ ሲሪየስ በስድስት ቀን ውስጥ ሦስት ሻትአውት ወረወረ። 27 ኢኒንግ፣ ዜሮ ነጥብ።

አሁን አሁን ለምን ጠፋ?

ፒቸሮቹ ስለሰነፉ አይደለም። ይህን የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሳይ ያንግ 815 ጊዜ ጀምሮ 749ኙን ራሱ ጨርሷል። ግን የእሱ ዘመን ፒቸር እያንዳንዷን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ አይወረውርም ነበር። የዛሬው ይወረውራል። ፍጥነቱ ጨምሯል፣ ክንድ ላይ የሚያርፈው ጫናም አብሮ ጨምሯል። የክርን ጅማት ሲበጠስ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና አለ፤ በመጀመሪያ የተሠራለትን ፒቸር ስም የያዘ ነው፣ በ1974። ከእሱ ለማገገም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለውን ክንድ ለአንድ ማታ ክብር ብሎ የሚያስበላ ክለብ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ቁጥር ነው። አንድ መቺ ያንኑ ፒቸር በአንድ ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው በደንብ ይመታዋል። ኳሱን ለምዶታል፣ ፒቸሩም ደክሟል። ማኔጀሮች ይህን ካወቁ በኋላ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ኢኒንግ ትኩስ ክንድ ከቡልፔን (ተተኪ ፒቸሮች ከሚያሟሙቁበት ቦታ) ማምጣት ልማድ ሆነ። እዚያ አንዲት ኢኒንግ ብቻ ሊወረውሩ የተዘጋጁ፣ እሳት የሚተፉ ልጆች ተቀምጠዋል።

ለውጡን ለማየት ሁለት ዓመት ብቻ አነጻጽሩ። በ1968 የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን ብቻውን 28 ኮምፕሊት ጌም ወረወረ፣ 13ቱ ሻትአውት ናቸው። ፒቸሮች እንዲህ ስለበረቱ በቀጣዩ ዓመት የሚቆሙበት ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ ተደረገ። በ2022 ደግሞ የማያሚው ሳንዲ አልካንታራ ስድስት ኮምፕሊት ጌም ስለወረወረ ሁሉም ጉድ አለ። ከሌሎቹ 29 ቡድኖች አንዳቸውም፣ ፒቸሮቻቸው ሁሉ ተደምረው፣ ስድስት አልሞሉም።

በዚያው 2022 ኤፕሪል ላይ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ከርሾ በሚኒሶታ ላይ ሰባት ኢኒንግ ፐርፌክት ወርውሮ በ80 ውርወራ ተቀየረ። እሱ ራሱ ውሳኔውን ደገፈ። ከአራት ቀን በኋላ በጃፓን የ20 ዓመቱ ሮኪ ሳሳኪ ስምንት ኢኒንግ ፐርፌክት ወርውሮ በ102 ውርወራ ተቀየረ። ሳሳኪ እኮ ከሳምንት በፊት ሙሉ ፐርፌክት ጌም ወርውሯል፣ 19 መቺ በስትራይክአውት (ሦስት ዕድላቸውን ሳይመቱ አስጨርሶ) መልሶ! በሁለተኛው ጨዋታ ቡድኑ በአሥረኛው ኢኒንግ 1 ለ 0 ተሸነፈ። የልጁን ክንድ ማዳን ትክክል ነበር፤ እኔም ማኔጀሩ ብሆን እቀይረው ነበር። ተመልካች ሆኜ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ብዙ ስትራይክአውት ማድረግ ግዴታ ነው?

እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። አንድን ሰው በስትራይክአውት ለመመለስ ቢያንስ ሦስት ውርወራ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዋ ኳስ ደካማ ምት ካስመታኸው ግን አንድ ውርወራ በቂ ነው። በዚህ ጥበብ የታወቀው ግሬግ ማዱክስ ነው። ከ100 ውርወራ በታች የተጨረሰ ሻትአውት ዛሬ በስሙ "ማዱክስ" ይባላል። የቁጠባ ንጉሡ ግን ሬድ ባሬት ነው፤ ኦገስት 10 ቀን 1944 ለቦስተን ብሬቭስ ሲንሲናቲን 2 ለ 0 ሲረታ የወረወረው 58 ኳስ ብቻ ነው።

አልፎ አልፎ ሁለቱንም የሚያጣምር ይመጣል። ሜይ 25 ቀን 2025 የዲትሮይቱ ታሪክ ስኩባል ክሊቭላንድን በ94 ውርወራ ዜሮ አስቀረ፣ 13 ስትራይክአውት አድርጎ። የመጨረሻዋ ኳስ በሰዓት 102.6 ማይል፣ ማለትም 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበር ነበር። በዘጠነኛው ኢኒንግ!

ክብሩ የፒቸሩ ብቻ ነው?

ስሙ የሚጻፈው የእሱ ነው። የላርሰን ፐርፌክት ጌም ግን ሚኪ ማንትል በአምስተኛው ኢኒንግ የጊል ሆጅስን ምት ሮጦ ባይቀልባት ኖሮ አይኖርም ነበር። ምን ዓይነት ኳስ ይወርወር ብሎ ምልክት የሚያሳየው ካቸሩም አለ፤ የዚያን ቀን ዮጊ ቤራ ነበር። ደግሞም የራስህ ቡድን ቢያንስ አንድ ነጥብ ካላገባ ማታው ሙሉ ልፋት ነው። ከርሾ ኤፕሪል 1 ቀን 2013 በሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለዚህ የራሱን መፍትሔ አገኘ። 0 ለ 0 እያሉ በስምንተኛው ኢኒንግ ራሱ ሆም ራን መታ። 4 ለ 0 አሸነፉ፣ ሻትአውቱም የእሱ ሆነ።

በጃፓንስ?

በጃፓን ጨዋታን ራስ መጨረስ ትልቅ ክብር ነው። ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠው የሳዋሙራ ሽልማት ከመመዘኛዎቹ አንዱ የኮምፕሊት ጌም ብዛት ነው፤ በ2019 እና በ2024 የሚመጥን ጠፍቶ ሽልማቱ ሳይሰጥ ቀርቷል። እዚያም ቢሆን ጨካኝ ውሳኔ አለ። በ2007 የጃፓን ሲሪየስ የቹኒቺው ዳይሱኬ ያማይ ስምንት ኢኒንግ ፐርፌክት ወርውሮ 1 ለ 0 እየመሩ ማኔጀሩ ኦቺያይ ቀየረው። ሂቶኪ ኢዋሴ ገብቶ ሦስቱን መለሰ፣ ቡድኑም ከ53 ዓመት በኋላ ዋንጫ በላ። ክርክሩ ግን አላባራም።

ጨዋታ እያየሁ ሻትአውት ሊመጣ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ሰባተኛው ኢኒንግ ሲጀምር ሰሌዳውን እዩ። ተጋጣሚው ዜሮ ነው? እሺ። ቀጥሎ የውርወራ ብዛቱን እዩ። 80 እና ከዚያ በታች ከሆነ ተስፋ አለ። 95 ከደረሰ ሻይ አፍሉ፣ ሊቀየር ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ ቡልፔን ሲዞር ልብ በሉ፤ ማንም የሚያሟሙቅ ከሌለ ማኔጀሩ ልጁን አምኖበታል ማለት ነው። የውርወራ ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ኢኒንግ አንፃር መውረድ አለመውረዱንም ተመልከቱ።

የነጥብ ልዩነቱም ይነግራችኋል። 7 ለ 0 እየመሩ ከሆነ ማኔጀሩ ለፒቸሩ ዕድል ይሰጠዋል፣ የሚያጣው ነገር የለምና። 1 ለ 0 ከሆነ ግን የመጀመሪያው ዎክ ወይም ሂት ላይ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ወደ ጉብታው እየሄደ እጁን ወደ ቡልፔኑ ከጠቆመ አለቀ። ከፒቸሩ ጋር ሁለት ቃል ተለዋውጦ ብቻውን ከተመለሰ ግን ቴሌቪዥኑን እንዳታጠፉ።